ግላይሲን ወይስ ጋባ፦ ለሕመም ማስታገሻ የትኛው በር ይሻላል?

ግላይሲንና ጋባ ነርቮች የሚነጋገሩባቸው ኬሚካሎች ናቸው፤ በሮቹ ደግሞ በነርቭ ሴል ላይ ሆነው የሚቀበሏቸው ተቀባዮች ናቸው። ሁለቱም በሮች የነርቭ ፍሬን ናቸው፤ ሲከፈቱ ክሎራይድ የተባለውን ኤሌክትሪክ የተሸከመ ቅንጣት ወደ ሴሉ አስገብተው ነርቩን ያረግባሉ። የሚለያዩት በዋናነት በቦታቸው ነው። የጋባ-ኤ ተቀባይ አንጎልን ሙሉ ያዳረሰ ነው። ዲያዜፓም የተባለው መድኃኒት የሚሠራው እዚያ ላይ ነው፤ ጭንቀትንና የሚጥል በሽታን ያስታግሳል፣ ግን ያስተኛል፣ ሲቆይም ሱስ ያስይዛል።

የግላይሲን ተቀባይ የሚበዛው በአከርካሪ ገመድና በአንጎል ግንድ ነው። ጉልበቱን ለመረዳት ስትሪክኒንን ማሰብ ይበቃል። መርዙ ይህን በር ሲዘጋ ትንሽ ድምፅ እንኳ መላ ሰውነትን ያንዘፈዝፋል፤ ጀርባ ወደ ኋላ እንደ ደጋን ይለመጣል። አልፋ 3 የተባለው የግላይሲን ተቀባይ ዓይነት ደግሞ የሕመም መልእክት በሚያልፍበት የአከርካሪ ክፍል ይገኛል። ሰውነት ሲቆጣ የሚመነጨው ፕሮስታግላንዲን ኢ2 ያዳክመዋል፣ ሕመሙም ይብሳል። ታዲያ ይህን ፍሬን መልሶ የሚያጠነክር መድኃኒት ሰውየውን ሳያስተኛ ሕመሙን ሊያበርድለት ይችላል። እኔን የሚያጓጓኝ ይሄ ነው።

በሐኪም እጅ ያለው ግን አሁንም ጋባ ነው። በግላይሲን ተቀባይ ጉድለት የሚመጣውና ጨቅላዎችን በድንጋጤ የሚያደርቀው ሃይፐርኤክፕሌክሲያ እንኳ የሚታከመው የዲያዜፓም ዘመድ በሆነው በክሎናዜፓም፣ ማለትም በጋባው በር በኩል ነው።