ደረታቸው ለተጎዳ አባቴ የተደረገላቸው የአተነፋፈስ ምርመራ

ከሰባ ዓመት በላይ የሆኑት አባቴ በመኪና አደጋ የጎድን አጥንቶቻቸው ተሰብረው በሜሪላንድ አንድ ሆስፒታል በተኙበት ጊዜ፣ ካገኙት አገልግሎት ሁሉ በዝርዝር ሊጻፍለት የሚገባ ሆኖ ያገኘሁት የሬስፒራቶሪ ቴራፒስቷ (የአተነፋፈስ ሕክምና ባለሙያዋ) ምርመራ ነው።

ባለሙያዋ አልጋው አጠገብ እንደደረሰች አስቀድማ ያየችው ሞኒተሩን ሳይሆን ደረታቸውን ነበር። ሦስትና ከዚያ በላይ ተከታታይ የጎድን አጥንቶች እያንዳንዳቸው ሁለት ቦታ ከተሰበሩ፣ ያ የደረት ክፍል አየር ሲገባ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ አየር ሲወጣ ደግሞ ወደ ውጭ ይነፋል፤ ስለዚህ ልብሳቸውን ገልጣ ሁለቱ ጎኖች እኩል መነሳታቸውን ረጋ ብላ ተመለከተች። ትንፋሻቸውን ቆጠረች፣ ግራና ቀኙን አዳመጠች፣ ከሳንባ አምልጦ ከቆዳ ሥር የገባ አየር ሲነካ ስለሚንኮሻኮሽም አንገታቸውንና ደረታቸውን በጣቶቿ ዳሰሰች።

ቀጥላ የሚሳበውን አየር መጠን የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ስፓይሮሜትሩን፣ ሰጥታቸው በስልክ አስተርጓሚ በኩል፣ «በገለባ ውኃ እንደሚጠጡ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይሳቡ» አለቻቸው። ግባቸው 1500፣ የማስጠንቀቂያው መጠን 1000 ሚሊ ሊትር ሲሆን ጠቋሚው 750 ላይ ቆመ። ትራስ አሳቅፋ አሳለቻቸው፤ ሳሉ ደካማ ነበር። ሕመማቸውንም ከዜሮ እስከ አስር እንዲገምቱ ጠየቀቻቸው። ሕመሙን፣ የሚስቡትን አየርና የሳሉን ጥንካሬ ደምራ ከአስር ነጥብ ሰጠች፤ ነጥቡ ዝቅተኛ ስለነበረም ማስታገሻው እንዲስተካከል ለሐኪሙ ወዲያው አሳወቀች። የሚያመው ሰው በጥልቀት ስለማይተነፍስና አክታውን አጥርቶ ስለማያወጣ፣ ለሳንባ ምች የሚዳርገው አንዱ ነገር ይህ ነው። የጎድን ነርቮቻቸው በማደንዘዣ ከደነዘዙ በኋላ በድጋሚ ስትለካቸው ጠቋሚው ከ1250 አለፈ።

በተለይ ያስደሰተኝ በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ባሳየው 96 በመቶ አለመዘናጋቷ ነው። ኦክስጅን የሚሰጠው ሕመምተኛ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደሙ ውስጥ ሊጠራቀም ስለሚችል፣ ከእጅ አንጓቸው የደም ቧንቧ ናሙና ወሰደች። የጣት መለኪያው ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ የኦክስጅኑን መጠን ከእውነተኛው አብልጦ የማሳየት ዝንባሌ እንዳለው በ2020 የወጣ ጥናት ማሳየቱን ለሚያውቅ የእኛ አገር ቤተሰብ፣ ይህ ጥንቃቄ ቀላል ነገር አይደለም። የተቀጠቀጠ ሳንባ በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ቀናት ሊብስ ስለሚችልም ምርመራውን ደጋግማ አካሂዳለች።

ከአምስት አራት ኮከብ የሰጠሁት ግን በማታው ፈረቃ ምክንያት ነው። ተተኪው ባለሙያ አስተርጓሚ ሳይጠራ በምልክት ስላስረዳቸው፣ አባቴ አየር በመሳብ ፈንታ ወደ መሣሪያው እፍ ይሉ ነበር፤ ጠቋሚው ባለመነሳቱም «መሥራት አልቻሉም» ተብሎ ተመዘገበ። እኔ በአማርኛ ካስረዳኋቸው በኋላ ያለችግር ሠሩት። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት፣ ወላጆቻችሁን የምታስተኙ ሁሉ በየፈረቃው አማርኛ አስተርጓሚ እንዲጠራላቸው ጠይቁ።