ኦፕን ፋይቭ ጂኤስ እና ዩኢራንሲም፦ የ5ጂ ኔትወርክ በአንድ ላፕቶፕ

በደሴና በኮምቦልቻ ቴሌኮም ለሚያጠኑ ወጣቶች የራስ ማሰራጫ ጣቢያ መግዛት የማይታሰብ በመሆኑ፣ እነዚህን ሁለት ነፃ ሶፍትዌሮች ስሞክር መለኪያዬ ያለ ውድ መሣሪያ ምን ያህል ያስተምራሉ የሚለው ነበር። በሲ ቋንቋ የተጻፈው ኦፕን ፋይቭ ጂኤስ የ4ጂንና የ5ጂን ዋና ኔትወርክ (ደንበኛን አረጋግጦ ከኢንተርኔት የሚያገናኘውን ማዕከላዊ ክፍል) ሲያቆም፣ ዩኢራንሲም ስልኩንና ማሰራጫ ጣቢያውን ተክቶ ይሠራል። የደንበኛውን መለያና ምስጢራዊ ቁልፍ በድረ ገጹ ቅጽ ከመዘገብኩ፣ ለግል ኔትወርኮች የተመደበውን የ999 ኮድም በሁለቱም ወገን ካመሳሰልኩ በኋላ፣ ምናባዊው ስልክ ተመዝግቦ የአይፒ አድራሻ ተቀበለ፤ የማረጋገጫው ጥያቄና ምላሽ በየተራ ሲተላለፍም የኔትወርክ መልእክቶችን በሚያሳየው ዋየርሻርክ በተባለ ፕሮግራም በግልጽ ይታያል። ከቁልፉ አንድ አሃዝ ብትቀየር ምዝገባው ውድቅ ይሆናል፤ ተማሪ ሆን ብሎ ሊሞክረው የሚገባ ነገር ይህ ነው እላለሁ።

ዋነኛው ጉድለት ዩኢራንሲም የሬዲዮ ሞገድን አለማስመሰሉ ነው፤ ስለዚህ ደሴ አጠገብ ያለው የጦሳ ተራራ ሲግናልን እንዴት እንደሚጋርድ ለማጥናት አይረዳም። ለዚያ እውነተኛ የሬዲዮ መሣሪያና የፍሪኩዌንሲ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ ፋይሎቹን አስቀድሞ ማውረድ ይበጃል፤ አንዴ ከተጫኑ ምዝገባውንና የማረጋገጫ ሂደቱን ያለ ኢንተርኔት መሞከር ይቻላል።