የአክስል ኦይል ሲል ስትገዙ ከንፈሩን አይታችሁ ግዙ

ኮሮላዬ ላይ የገጠምኩት ኤንኦኬ የሚባለውን የጃፓን ኦይል ሲል ነው። ዋጋው ገበያውን ከሞላው ኮፒ ከእጥፍ በላይ ነው። ነገም ቢሆን እሱኑ ነው የምገዛው። ኦይል ሲል አክስሉ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ከካምቢዮው በሚወጣበት ቦታ ዘይት እንዳይፈስ የምትይዝ፣ መዳፍ ላይ የምታርፍ የጎማ ቀለበት ናት። እሷን ለመቀየር ግን ጎማ ይወልቃል፣ የካምቢዮ ዘይት ይደፋል፣ አክስል ይነቀላል። ይህን ሁሉ ልፋት ለርካሽ ጎማ ብሎ ሁለቴ መልፋት አያዋጣም።

መኪናዬ የ1999 ሞዴል ማንዋል ናት። ባለፈው ዓመት አንድ ጋራዥ ኮፒ ገጥሞላት ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ከግራ ጎማ ጀርባ ማንጠባጠብ ጀመረች።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከጎማ ጀርባ የታየ እርጥበት ሁሉ ከኦይል ሲል የመጣ አይደለም። ጥቁርና ወፍራም ሆኖ ዙሪያውን ከተረጨ ግሪስ ነው፤ የተቀደደው የአክስሉ የጎማ ሽፋን ነው። ቀጠን ብሎ ጣት ላይ ውሃ ውሃ የሚል ከሆነ የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል መኪናዋን አታንቀሳቅሷት። የካምቢዮ ዘይት ወፈር ይላል፣ እንደ ድኝም ይከረፋል። አንዴ ያሸተተው ሰው አይሳሳተውም።

የገዛሁት ተክለሃይማኖት አካባቢ ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች ካንዱ ነው። ሻጩ ገና ስሙን ስጠራለት «ወንድሜ፣ የግራ ነው የቀኝ? ማንዋል ነው አውቶማቲክ?» አለኝ። እንዲህ የሚጠይቅ ሻጭ ስታገኙ አትልቀቁት፤ የግራና የቀኙ መጠን ሊለያይ ይችላል። ሊብሬ ይዤ ስለሄድኩ በሻንሲ ቁጥሩ አወጣልኝ። ካርቶኑ የቶዮታ ከሆነ ደግሞ የኦይል ሲል ቁጥር ብዙውን ጊዜ በ90311 ነው የሚጀምረው።

ኮፒውንም አምጥቶ ጎን ለጎን አሳየኝ። የኤንኦኬው ጽሑፍ ጎማው ላይ ጎልቶ ወጥቷል፣ በጥፍር ይዳሰሳል። ከንፈሩ፣ ማለትም አክስሉን የሚያቅፈው የውስጥ ጠርዙ፣ ዙሪያውን አንድ ወጥ ነው። ከውስጥ ያለችው ቀጭን ሞላ ጥብቅ ብላ ተቀምጣለች። የኮፒው ሞላ ግን በጣቴ ገፋ ሳደርጋት ከቦታዋ ወጣች። ዘይት የሚይዘው ያ ከንፈር ነው፤ ከንፈሩን አክስሉ ላይ አጥብቃ የምታስይዘው ደግሞ ያቺ ሞላ ናት። የዋጋው ልዩነት እዚያ ላይ ነው ያለው።

ሥራው ቤት ውስጥ ይሠራል። ክሪክ ላይ ብቻ ተማምናችሁ ግን መኪና ሥር አትግቡ፤ ጠንካራ መደገፊያ ይኑራችሁ። ዘይቱን ከመድፋታችሁ በፊት የመሙያውን ብሎን ፍቱ፤ እሱ እምቢ ካለ ባዶ ካምቢዮ ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ። የአክስሉን ዳዶ ጎማው መሬት ላይ እያለ አላሉት፤ የኔዋ ባለ 30 ቡሶላ ነው የሚፈልገው። አሮጌውን በካቻቪቴ ስትፈነቅሉ የካምቢዮውን ግድግዳ አትጫሩ፤ አሉሚኒየም ስለሆነ ቶሎ ይጎዳል።

አዲሱን ከንፈሩን ግሪስ ቀባሁት፣ ሞላዋን ወደ ዘይቱ በኩል አዞርኩ። ከዚያ ጠርዙን በሚመጥን ቱቦ ዙሪያውን ቀስ እያልኩ መታሁት። ሳይጣመም ቀጥ ብሎ ገባ። አክስሉን ስትመልሱ በጣም ተጠንቀቁ፤ ጫፉ ላይ ያለው ጥርስ ከንፈሩን ነካ ካደረገው ያ ሁሉ ድካም ገደል ገባ። ዘይቱን መኪናዋ ለጥ ያለ ቦታ ላይ ቆማ ከመሙያው ቀዳዳ ፍስስ እስኪል ሙሉት።

ቅር ያለኝ ነገር ካርቶኑ ውስጥ የመግጠሚያ ወረቀት አለመኖሩ ነው። ስንት ሚሊ ሜትር መግባት እንዳለበት የሚነግራችሁ የለም። ስለዚህ አሮጌውን ሳትነቅሉ የገባበትን ጥልቀት ለክታችሁ ያዙ።

አሁን የካምቢዮው ጎን ደረቅ ነው፣ የማቆምበት ቦታም ንጹሕ ነው። ኦሪጅናል ገጥማችሁ እንደገና ካፈሰሰባችሁ ሁለት ነገር እዩ። አክስሉ ከንፈሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካወጣ ጥፋቱ የሱ ነው። የካምቢዮውንም መተንፈሻ ጥረጉ፤ ጭቃ ከደፈነው ውስጥ የታመቀው አየር ዘይቱን ገፍቶ በከንፈሩ በኩል ያስወጣዋል።