በዙሪክ አየር ማረፊያ የባቡር ቲኬት መስኮት ለሚሠሩ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልን!

ከአዲስ አበባም ይሁን ከአሜሪካ በአስጎብኚ ለሚመራ የባቡር ጉዞ የሚመጡ ወላጆችና ዘመዶች የምንቀበል የስዊዘርላንድ ነዋሪዎች፣ በአየር ማረፊያው የኤስቤቤ (የስዊስ ፌደራል ባቡር ድርጅት) ቲኬት መስኮት የሚሠሩትን በአደባባይ ልናመሰግን ወደድን። ለምትመጡትም ጥቆማችን አጭር ነው፤ ከማሽኑ በፊት ወደ መስኮቱ ሂዱ። ማማከሩ አይከፈልበትም።

ጉብኝቱ አንዴ ከተጀመረ ሁሉን አስጎብኚው ይይዘዋል። ገንዘብ የሚባክነው ቀደም ብለው በሚገቡባቸው አንድ ሁለት ቀናት ነው። ስዊስ ትራቭል ፓስ፣ ማለትም በአንድ ክፍያ አገሪቱን በባቡር የሚያዘዋውረው የእንግዶች ቲኬት፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8 ወይም ለ15 ተከታታይ ቀናት ይሸጣል፤ የሚቆጠረውም በሰዓት ሳይሆን በካሌንደር ቀን ነው። ማክሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት አርፋችሁ ያን ዕለት ብታስጀምሩት፣ ማክሰኞ እንደ አንድ ሙሉ ቀን ተበላ ማለት ነው። ከአየር ማረፊያው እስከ ዙሪክ ዋና ጣቢያ ግን 10 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ለዚህች አጭር መንገድ ዞን 110ንና 121ን (የቲኬት ዋጋ የሚታሰብባቸውን ክልሎች) የሚሸፍን ተራ ቲኬት ይበቃል፤ ጊዜው እስካላለፈ ድረስም በዚያው ቲኬት ትራም ተሳፍሮ ሆቴል መድረስ ይቻላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ፓሱ በጉብኝቱ ዋጋ ውስጥ ተካቶ እያለ ሌላ መግዛት ነው።

ሠራተኞቹን የምናመሰግነው እዚህ ላይ ነው። የጉብኝቱን ወረቀት ስታሳዩአቸው ፓሱ ከየትኛው ቀን እንደሚጀምር አይተው፣ ለቀሩት ቀናት ተራ ቲኬት ይሻል እንደሆነ ያሰሉላችኋል። የምትንቀሳቀሱት በየቀኑ ሳይሆን ቀን እየዘለላችሁ ከሆነ በአንድ ወር ውስጥ ቀኖቹን ራሳችሁ የምትመርጡበት ፍሌክስ የሚባለው ፓስም አለ። ይዛችሁ የምትቀርቡት ፓስፖርት፣ የጉብኝቱ ወረቀትና የሆቴሉ አድራሻ ነው። ፓሱ በስም የሚሰጥ ስለሆነ ስሙም የልደት ቀኑም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ ተቆጣጣሪ ፓስፖርት ሊጠይቅ ይችላል።

ከዚያ የጉዞውን ዝርዝር አትመው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ከእጃችሁ የማይለይ ወረቀት እሱ ነው። መነሻ ሰዓት፣ ባቡሩ የሚቆምበት መስመር (ፕላትፎርም) ቁጥር፣ የት እንደምትቀይሩና ቀጣዩ ባቡር ስንት ሰዓት እንደሚነሳ በተራ ተጽፎበታል። አደራ፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር እንዳታነቡት! 08:05 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ5 ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ5 ማለት ከፈለጉ 14:05 ብለው ይጽፋሉ። «ከእኛ ጋር አዛውንት አሉ፣ ሁለት ሻንጣም ይዘናል» ካላችኋቸው ደግሞ ለመቀየሪያ ሰፋ ያለ ጊዜ ያለውን ጉዞ ይመርጡላችኋል። ዙሪክ ዋና ጣቢያ ላይ ከ31 እስከ 34 እና ከ41 እስከ 44 ያሉት መስመሮች ከመሬት በታች ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሻንጣ እየጎተቱ ለመሄድ 10 ደቂቃ አይበዛም።

እዚሁ አገር ነዋሪ ለሆናችሁ ልጆች፦ ፓሱ የሚሸጠው ለውጭ ነዋሪ ብቻ ነው፤ እናትና አባት ሊገዙት ይችላሉ፣ አብሯቸው የሚጓዘው ነዋሪ ልጅ ግን በግማሽ ዋጋ ካርዱ ይሂድ። ከ6 እስከ 15 ዓመት ያሉ እንግዳ ልጆች በነፃ በሚሰጠው የቤተሰብ ካርድ ያለ ክፍያ የሚጓዙት እናት ወይም አባት አብሮ ካለ ነው፤ አያት ብቻቸውን ይዘዋቸው ሲሄዱ አይሠራም። ይህን መስኮቱ ላይ ጠይቃችሁ ጨርሱት እንጂ ባቡር ውስጥ ከተቆጣጣሪ ጋር አትከራከሩበት።

ወደ ጉብኝቱ መነሻ ከተማ በራሳችሁ ለምትሄዱም ማወቅ የሚበጅ ነገር አለ። ከኢንተርላከን ኦስት የሚነሳው ባቡር ስቫይሉቺነን ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ወደ ላውተርብሩነን፣ ግማሹ ወደ ግሪንደልቫልድ። ስለዚህ ሰሌዳው የሚያሳየውን የፕላትፎርም ክፍል፣ ከዚያም ፉርጎው ላይ የተጻፈውን መድረሻ ሳታነቡ አትቀመጡ። ኢንተርላከን ኦስትና ኢንተርላከን ቬስትም ሁለት የተለያዩ ጣቢያዎች ናቸው። ወደ ዜርማት የሚሄድ ሰው ፊስፕ ላይ ወርዶ የጠባቡን ሐዲድ ባቡር ይይዛል።

ግላሲየር ኤክስፕረስና በርኒና ኤክስፕረስ የሚባሉት የተራራ መልክዓ ምድር ማሳያ ባቡሮች ፓስ ቢኖራችሁም ለብቻው የሚከፈልበት የወንበር ማስያዣ ግዴታ ይፈልጋሉ። አስጎብኚው አስይዞ እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ፈልጉ፤ ካላገኛችሁት በመስኮቱ አስጠይቁ። በርኒና የሚያበቃው ጣሊያን ውስጥ ቲራኖ ላይ ስለሆነ ፓስፖርቱ ሆቴል አይቅር።

ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው ካለ ባቡሩ ላይ የሚያሳፍር እርዳታ በነፃ ይገኛል፤ ግን ባቡሩ ሊነሳ ቢያንስ 1 ሰዓት ሲቀረው መጠየቅ አለበት። የስልክ ቻርጀራችሁንም ከቤት ሳትወጡ እዩት፦ ቀጭንና ክብ የሆነ ሁለት እግር ያለው የስዊስ ሶኬት ውስጥ ይገባል፣ ወፍራም ክብ እግር ያለው አይገባም፤ ለእሱ አዳፕተር ያስፈልጋችኋል።