የወገብ ነርቭ መርፌ በባሕር ዳር፦ የሚያድን ሳይሆን የሚመረምር

አስቀድሜ ልናገር። ይህ መርፌ አያድንም። ሕመሙ ከየት እንደሚነሣ ለማወቅ ብቻ ነው የሚሰጠው። ይህን ተረድቶ ለሚገባ ሰው ግን ወጪው አይቆጭም። እኔ ያሠራሁት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ የሚያክም ሐኪም ባለበት አንድ የግል ማዕከል ነው።

እንጀራዬ ጣና ላይ ነው፤ ከከተማው ወደ ዘጌ ሰው አመላልሳለሁ። የጀልባ ሞተር ለማስነሣት ገመዱን ስትስብ ወገብህ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ወደ ጎንም ይጠመዘዛል። እኔን ቀስፎ የሚይዘኝ እዚያ ላይ ነው። ጎንበስ ስል ደግሞ ይሻለኛል። ኤምአርአይ ተነሣሁና «ዲስክህ ደርቋል» ተባልኩ፤ ዲስክ የሚሉት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን ትራስ መሰል ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ያየኝ ሁሉ ዲስክ፣ ዲስክ ይለኛል።

ሐኪሙ ግን ፊልሙን ዐይቶ አልቸኮለም። ሕመም የሚባል የሌለባቸው ሰዎችም ሲነሡ ዲስካቸው አርጅቶ ይገኛል አለኝ። በኋላ ራሴ አነበብኩት፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ጤነኛ ከሆኑ የ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንቶች ደግሞ 96 በመቶው ይህ ምልክት እንዳለባቸው ይናገራል። ስለዚህ ፊልም ብቻውን አይበቃም። የእኔን አያያዝ ሰምቶ የጠረጠረው ከአከርካሪው ጀርባ ግራና ቀኝ ያሉትን ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ነው። ፋሴት ይሏቸዋል። የመርፌው ሥራ ከእነሱ ሕመም የሚያደርሱትን ቀጫጭን ነርቮች ለጥቂት ሰዓት ማደንዘዝ ነው፤ ሕመሙ ከጠፋ ምንጩ ታወቀ ማለት ነው።

ጠዋት ማስታገሻ እንዳልወስድ ተነገረኝ። የሚያስተኛ መድኃኒትም አልሰጡኝም፤ ውጤቱን ያበላሻል። በሆዴ ተኛሁ፣ ከሆዴ ሥር ትራስ አስገቡ። ከላዬ እንደ ማጭድ የታጠፈ የኤክስሬይ ማሽን አለ፤ ሐኪሙ መርፌው የት እንደደረሰ በስክሪን እያየ ነው የሚሠራው። የሚያቃጥለው ቆዳ የምታደነዝዘው የመጀመሪያዋ መርፌ ናት። ቀጥሎ ያለው ጥልቅ ግፊት ነው፤ ደስ አይልም፣ ግን ይቻላል። ሐኪሙ ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት «አሁን ይሰማዎታል» ይል ነበር። ነርሷ ደግሞ እጄን ይዛ «ጋሼ፣ ትንፋሽዎን አይያዙ» ትለኛለች። ይህቺን ልጅ እግዚአብሔር ይስጣት።

በጣም የወደድኩት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። አንድ ወረቀት ሰጡኝ። በየሰዓቱ ሕመሜን ከ0 እስከ 10 እንድሞላ፣ ቤት ገብቼ እንዳልተኛ፣ የሚያመኝን ነገር ሆን ብዬ እንድሞክር አስረዱኝ። መንዳት ክልክል ስለሆነ ወንድሜ ወደ ወደቡ ወሰደኝ። ጀልባዋ እንደታሰረች ገመዱን ሳብኩ። ደገምኩት። ሁልጊዜ 7 የምለው ሕመም 1 ሆነ! ወንድሜም ሞተሩን ትቶ ፊቴን ነው የሚያየው። ማታ ማደንዘዣው ሲለቅ ሕመሙ ተመለሰ፤ ይህም የሚጠበቅ ነው።

ቅሬታም አለኝ። ወገቡን የታመመ ሰው የሚጠብቅበት ቦታ መደገፊያ የሌለው የብረት አግዳሚ መሆን የለበትም። አንዲት እናት መቀመጥ አቅቷቸው ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር፤ ያሳዝናል። ዋጋም በስልክ የነገሩኝ ሌላ፣ ካሸር ጋ ስደርስ መድኃኒቱና ማሽኑ ተጨምሮ ሌላ። ጠቅላላ ሒሳቡን አስቀድመው በጽሑፍ ይስጡ። ሕክምናቸው ጥሩ ነው፤ ይህን ማስተካከል አያቅታቸውም።

የምትሄዱ ሰዎች፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ ስኳር ወይም አለርጂ ካለባችሁ፣ እርጉዝ ከሆናችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። የሚመልሳችሁ ሰው ይኑር። እግር መዛል፣ ብልት አካባቢ መደንዘዝ ወይም ሽንት አለመቆጣጠር ከመጣ ግን ይህን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

አንድ መርፌ ሊያሳስት ስለሚችል በሌላ ቀን ሁለተኛ ይደገማል። እሱም እንዲሁ ከሆነ ነርቮቹን በሙቀት ማቃጠል ይከተላል፤ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመት ያሳርፋል፣ ነርቩ ግን መልሶ ያድጋል። እሱን ማዕከሉ አይሠራም፤ አዲስ አበባ ነው የሚልኩት። የእኔ ሁለተኛ ቀጠሮ ሐኪሙ ሲመለስ ነው፤ ወረቀቴን ይዤ እሄዳለሁ።