የ1776ቱ የአሜሪካ የነፃነት አዋጅ ቅጂ፦ ገዝቶ ለመስቀል የትኛው ይሻላል?

በመታሰቢያ ዕቃ መሸጫዎች በብዛት የሚገኘው ቅጂ ሆን ተብሎ ቡናማ የተደረገ፣ የተጨማደደ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ወረቀት ነው። ያረጀ ለመምሰል ይሞክራል እንጂ ዋናውን አይመስልም። ዋናው የተጻፈው በብራና ላይ ነው፤ ብራና ደግሞ ይደበዝዛል፣ ይኮማተራል እንጂ እንደ ደረቅ ቅጠል አይንኮሻኮሽም። የባሰው ግን መጠኑ ነው። ዋናው ወርዱ 62፣ ቁመቱ 76 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህ በግማሽ ሲቀነስ ከ1,300 ቃላት በላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የጉንዳን ሰልፍ ይሆናል፤ ጎልቶ የሚታየው የኮንግረሱ (የ13ቱ ቅኝ ግዛቶች ተወካዮች ጉባኤ) ፕሬዚዳንት የጆን ሃንኮክ ፊርማ ብቻ ነው። ለስጦታ እንኳ አይመከርም።

የዋናውን የዛሬ መልክ በፎቶ የሚያሳየው ቅጂ ሐቀኛ ነው፤ ችግሩ አለመነበቡ ነው። ብራናው እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1876 ዋሽንግተን ውስጥ በፓተንት ቢሮ ሕንፃ ከመስኮት ትይዩ ተሰቅሎ ስለኖረ ብርሃን ቀለሙን በልቶታል። ከግርጌው በስተግራ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የመዳፍ አሻራም አለበት። የሰነድ አያያዝ ለሚያጠና ሰው ጥሩ ማስተማሪያ ነው፤ ለሌላው ግን ደብዛዛ ቆዳ ነው።

ሁሉም ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ጥርት ያለ መልክ የመጣው ከዊልያም ስቶን የመዳብ ሰሌዳ ነው። ዋናው እየደበዘዘ መሄዱ ሲታይ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ክዊንሲ አዳምስ በ1820 በልኩ እንዲቀረጽ አዘዙ፤ ሥራው በ1823 አልቆ በብራና 200 ቅጂ ታተመ። ጥሩ ቅጂ ለመለየት የገጹን አናት ማየት ነው፦ የስቶንና የአዳምስ ስም በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ከተገኘ ምንጩ የመጀመሪያው ኅትመት ነው። ከግርጌ በስተግራ የስቶን ስም ብቻ ካለ ከኋለኛው ኅትመት የተወሰደ ነው። ሁለቱም ከጠፉ አንድ ሰው ቆርጧቸዋል ማለት ነው፤ ሌላ ምን እንደ ቆረጠ መጠርጠር ተገቢ ነው።

የስቶን ቅጂ ውበት አለው፤ ለንባብ ግን አድካሚ ነው። በብሪታንያው ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ላይ የተደረደሩት 27 ክሶች በሰረዝ ብቻ እየተለዩ በአንድ ትንፋሽ ይፈሳሉ። ስለዚህ ምርጫችን የደንላፕ ኅትመት ነው። አታሚው ጆን ደንላፕ ሐምሌ 4 ቀን 1776 ምሽት ፊላደልፊያ ላይ 200 ያህል ወረቀት አትሞ፣ ቅጂዎቹ ወደየቅኝ ግዛቱና ወደ ጦሩ ተላኩ። እዚህ እያንዳንዱ ክስ በራሱ መስመር ይጀምራል። ዐቃቤ ሕግ የጻፈው የክስ ቻርጅ ይመስላል፤ ነገሩም ያው ነው።

ገዢዎች በዚህ ቅጂ ላይ የሚያነሱት ቅሬታ «ፊርማዎቹ የታሉ?» የሚል ነው። የሉም። በሕትመት ፊደል የሰፈሩት የፕሬዚዳንቱ የሃንኮክና የጸሐፊው የቻርልስ ቶምሰን ስሞች ብቻ ናቸው። ጉድለት አይደለም፤ ከንጉሡ መለያየቱ የተፈጸመው በፊርማ ሳይሆን በድምፅ ነበርና። የቨርጂኒያው ሪቻርድ ሄንሪ ሊ ከብሪታንያ የመለያየቱን የውሳኔ ሐሳብ ሰኔ 7 አቀረበ፤ የመካከለኛዎቹ ቅኝ ግዛቶች ተወካዮች ከየምክር ቤታቸው ፈቃድ ስላልነበራቸው ጉዳዩ ወደ ሐምሌ 1 ተላለፈ። እስከዚያ ጊዜ እንዳይባክን አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ጽሑፉን እንዲያዘጋጅ ተመረጠ፤ ረቂቁ የቶማስ ጄፈርሰን ነው። ድምፅ የሚሰጠው በሰው ሳይሆን በቅኝ ግዛት ነበር። ሐምሌ 1 በተደረገው ሙከራ ዘጠኙ ደገፉ፣ ፔንሲልቬኒያና ሳውዝ ካሮላይና ተቃወሙ፣ የደላዌር ተወካዮች ለሁለት ተከፈሉ፣ ኒውዮርክ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። በማግስቱ ኒውዮርክ ብቻ ስትቀር 12ቱ ተስማሙ። ሐምሌ 4 የጸደቀው ምክንያቱን የሚያስረዳው ጽሑፍ ነው። ኒውዮርክ በ9 ተስማማች፤ የስቶን ቅጂ አናት ላይ ያለው «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ቃል በደንላፕ ላይ የማይገኘውም ለዚህ ነው። አብዛኞቹ ብራናው ላይ የፈረሙት ነሐሴ 2 ሲሆን፣ የፈራሚዎቹ ስም ታትሞ የወጣው በ1777፣ ባልቲሞር ውስጥ በሜሪ ካትሪን ጎዳርድ ማተሚያ ነው።

የተተረጎመ ቅጂ የሚገዛ ሰው ክሶቹን ማን ላይ እንዳነጣጠሩ ይመርምር። ሁሉም «እርሱ» እያሉ ንጉሡን ይከሳሉ፤ ግብር የጣለው ፓርላማ ሆኖ ሳለ ስሙ እንኳ አይነሣም። አንዱ ክስ ንጉሡ «ከሌሎች ጋር» ተባብሮ ለባዕድ ሥልጣን አስገዛን ይላል፤ «ሌሎች» የተባለው ፓርላማው ነው። ይህ የተጠና ነው። በቅኝ ገዢዎቹ ሳይሆን በቅኝ ተገዢዎቹ ክርክር መሠረት ፓርላማው ቀድሞውንም በእነርሱ ላይ ሥልጣን አልነበረውም፤ የሚያስተሳስራቸው ለዘውዱ የሰጡት ታማኝነት ብቻ ነው። የሌለ ገመድ አይቆረጥም። ታማኝነት ደግሞ ጥበቃን የሚጠይቅ የሁለት ወገን ውል ነው። ንጉሡ ነሐሴ 1775 አመፀኞች ናችሁ ብሎ ሲያውጅ፣ በታኅሣሥ የወጣው ሕግም ንግዳቸውን ዘግቶ መርከቦቻቸው እንዲወረሱ ሲፈቅድ፣ ውሉን ያፈረሰው ንጉሡ ነው የሚል መከራከሪያ ተገኘ። ክብደቱን የተሸከመው «ከጥበቃው ውጭ አድርጎናል» የሚለው ክስ ነው። «እምቢ አሉ»፣ «አወጁ» እያለ በአንቱታ የሚተረጉም ጽሑፍ የክሱን ጠርዝ ያደንዘዋል፤ «እምቢ አለ» ነው ትክክሉ።

የመጨረሻው አንቀጽ ባይታተም ወረቀቱ ረጅም እሮሮ ሆኖ ይቀራል። ለዘውዱ ከነበረባቸው ታማኝነት ነፃ መሆናቸውን ያውጅና ጦርነት የመግጠም፣ ሰላም የመፈራረም፣ ኅብረት የመመሥረትና የመነገድ ሥልጣን ይዘረዝራል። ይህ ለፈረንሳይ የተጻፈ ነው ማለት ይቻላል፤ ለንጉሣቸው ገና ተገዢ ከሆኑ አመፀኞች ጋር ማን ውል ይፈራረማል? ከፈረንሳይ ጋር ውሉ በየካቲት 1778 ተፈረመ። ብሪታንያ ራሷ ግን ነፃነታቸውን የተቀበለችው በ1783 በፓሪስ ስምምነት ነው።

በየትኛውም ቅጂ ላይ የማይገኝ ነገርም አለ፦ የጄፈርሰን ረቂቅ በባሪያ ንግድ ንጉሡን የከሰሰበት አንቀጽ። ኮንግረሱ አወጣው።

ገንዘብ ላለማውጣት የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የስቶንን ምስል በድረ ገጹ በነፃ ያቀርባል። በዋናው ልክ ለማተም በኢንች 150 ነጥብ ዝቅተኛው ነው፤ 3,640 በ4,460 ፒክስል ያህል ይሆናል። ከዚያ ካነሰ ቀጫጭን የፊደል ጭራዎች ይጠፋሉ። ወረቀቱ አሲድ የሌለው፣ መስታወቱ አልትራቫዮሌት የሚከላከል ይሁን፤ ከመስኮት ትይዩም አይሰቀል። አሮጌ ፍሬም የሚገዛ ሰው ደግሞ ጀርባውን ይፍታው፦ በ1989 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በ4 ዶላር ከተገዛ ፍሬም ውስጥ እውነተኛ የደንላፕ ኅትመት ወጥቶ በ2000 ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል።