ስምንት ቅዳሜ የንግግር ስልጠና፦ ከአምስት ኮከብ ሦስት

ስሙን አልጠራም። መገናኛ አካባቢ ያለ የንግግር ማሰልጠኛ ነው። ስምንት ቅዳሜ ጠዋት ተምሬ ጨርሻለሁ። ለመመዝገብ የምታስቡ፣ በተለይ እንደኔ ኦቲስቲክ የሆናችሁ ካላችሁ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አዎ፣ ኦቲስቲክ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ሲያመቸኝም ብዙ አወራለሁ። ይሄን የምለው ኦቲዝም ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አፉን ያልፈታ ትንሽ ልጅ ብቻ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ጉድለቱን ላውራ። ጣሪያው ላይ ያለው ረጅሙ አምፖል ይጮሃል። ሌላው አይሰማውም፣ እኔ ግን ከአሰልጣኙ በላይ የምሰማው እሱን ነው። መስኮት ሲከፈት ደግሞ የታክሲ ረዳቶቹ አሉ። የጆሮ መድፈኛ ባደርግ "ሙዚቃ እየሰማሽ ነው እንዴ?" ተባልኩ።

ከዚያ የዓይን ነገር። "ዓይን ዓይናቸውን እያያችሁ ተናገሩ" ይላል አሰልጣኙ። እኔ የሰው ዓይን ካየሁ የምለው ይጠፋኛል። መድረክ ላይ ጣቶቼን ሳፍተለትል "እጅሽን ሰብስቢ" አለኝ፤ እጄን ስሰበስብ ቃሉም አብሮ ተሰበሰበ።

አምስተኛው ቅዳሜ ላይ፣ ሻይ ሰዓት፣ ጠጋ ብዬ ኦቲስቲክ መሆኔን ለአሰልጣኙ ለብቻው ነገርኩት። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ትንሽ ዝም አለና "እንግዲያው የኋላውን ግድግዳ እያየሽ ተናገሪ" አለኝ። ሄዶም መብራቱን አጠፋው። የዚያን ቀን በመስኮት ብርሃን ተማርን፣ ማንም ቅር አላለውም። ሁለቱ ኮከቦች ለዚህ ናቸው።

የመጨረሻው ቀን ሰባት ደቂቃ ስለራስ መናገር ነው። የፈራሁት መድረኩን አልነበረም፣ ከወረድኩ በኋላ ያለውን ነው። ሥራ ቦታ ቢሰማስ? እናቴ "ገመናችንን አወጣሽው" ብትለኝስ? የኦቲስቲክ ልጅ እናት የነበረችው ዘሚ የኑስ በፈረንጆቹ 2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት እንዲህ ያለ ልጅ ቤት ውስጥ መደበቅ የተለመደ ነበር፤ እሷ ግን ስለ ልጇ በአደባባይ ተናገረች። ያን ሳስብ ደፈር እላለሁ፣ ግን እሷ እናት ነበረች፣ እኔ ስለ ራሴ ልናገር ነው፣ ለዚህ የሚሆን ምሳሌ አጠገቤ አላገኘሁም።

ተናገርኩ። ግድግዳውን እያየሁ፣ ጣቶቼን እያፍተለተልኩ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ቃል ጠፋኝና ከወረቀቱ አነበብኩ።

ስወርድ አብረውን የሚማሩ አንድ አባት ጠሩኝ። "የኔ ልጅ፣ የልጅ ልጄ መኪናውን ገልብጦ ጎማውን ብቻ ነው ሲያዞር የሚውለው። አንቺም እንደዛ ነበርሽ?"

"አዎ አባባ፣ የኔ የእናቴ የልብስ ስፌት መኪና ጎማ ነበር።"

ሳቁ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠየቁኝ። ምሳ ይበላ ነበር፣ እኛ አልበላንም።

ሦስተኛው ኮከብ የእሳቸው ነው። ለባለቤቶቹ ግን፦ እባካችሁ አምፖሉን ቀይሩት፣ አራተኛውን እጨምራለሁ።